ጅራቷ ላይ ተሳፋሪ የሌላት ጥንዚዛ

ኤፕሪል 12፣ ረቡዕ

የማጥመጃ ግንዶቹን ዛሬ አጋድመን ጨረስን። በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ ከወንዙ ወዲህ፣ አባቴ በተከለው የስፕሩስ ጥድ ደን ዳር ጥቂት ጤነኛ ዛፎች ቆርጠን ከነቅርፊታቸው ጥላ ውስጥ አስተኛናቸው። በረዶው ሲቀልጥ የቅርፊት ጥንዚዛዋ ትነሳለች። የቆመውን ትታ የተቆረጠውን ታሸታለች፣ ቅርፊቱን በስታ ትገባለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች። እኛ ደግሞ ልጆቿ ገና ነጭ ትል ሳሉ ቅርፊቱን ልጠን እናቃጥላለን። በቃ። አያቴም አባቴም የሠሩት ሥራ ነው። ዋናው ነገር ቀኑን አለማሳለፍ ነው፤ ትሉ ክንፍ አውጥቶ ከጠቆረ ግንዱ ወጥመድ መሆኑ ይቀርና የጥንዚዛ ማሳደጊያ ይሆናል። ይኼንን የመንደራችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ከወንዙ ወዲያ ያለው ጥብቅ ደን ነው፤ ጠባቂው ታናሽ ወንድሜ ብላዤ። መጠበቅ ስል ምንም አለመንካት ማለቴ ነው። ዛፍ ሲወድቅ ያያል፣ ሲበሰብስ ያያል፣ ወር ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል። በዚህ ሸለቆ ለማየት ብቻ የሚከፈለው ሰው እሱ ነው። በየዓመቱ የሚያንገበግበኝ ጥንዚዛም ከእሱ ደን ነው የሚሻገረው። ከዚያ ካልመጣ ከየት ይመጣል?

ኤፕሪል 20

ዶክተር ኦቲሊያ የምትባል ሴት ከዋና ከተማው ከብራቲስላቫ ደረሰች። ሁለት ማይክሮስኮፕ ይዛለች፤ የጭቃ ጫማ ግን የላትም። የምታጠናው ጥንዚዛን እንኳ አይደለም፣ በጥንዚዛዋ ላይ የምትሳፈረውን ቅንቅን ነው። የመዥገር ዘር ናት አሉ፣ በባዶ ዓይን አትታይም። የመንግሥት ገንዘብ ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው። ጣሪያ ሥር ያለውን ክፍል ሰጠናት።

ኤፕሪል 23

ሚስቴ ማርጊታ ጠዋት ፍሪጁን ከፍታ ጮኸች።

«ቬንዶ! ጥንዚዛ ከበግ አይቡ አጠገብ!»

«በብልቃጥ ነው ያለው፣ ምን አደረገሽ?»

«ዛሬ ጥንዚዛ አስገባች፣ ነገ ራሷ ትገባበታለች። ወይ እኔ ወይ ቅንቅኗ!»

ዶክተሯ ደረጃው ላይ ቆማ ሰምታለች። ብልቃጦቹን ወደ አትክልቱ መሳቢያ አዛወረቻቸው። ማርጊታ አትክልቱን በሙሉ ለአሳማው ሰጠችው።

ሜይ 2

ሞቀ። በረሩ። ግንዶቹ ላይ ቡናማ ዱቄት ተከምሯል፣ እየገቡ ነው። ግቡ፣ ግቡ። ቤታችሁ ነው።

ሜይ 9፣ ማታ

ዶክተሯ ዛሬ ማይክሮስኮፗን እንዳይ ጋበዘችኝ። በጨዋነት ሄድኩ። በአንዷ ጥንዚዛ ጅራት ላይ፣ ክንፏ በሚያልቅበት ቦታ፣ የካፖርት ቁልፍ የመሰለች ቡናማ ነገር በቀጭን ዘንግ ተጣብቃለች።

«ተሳፋሪ ናት» አለችኝ። «ጥንዚዛዋ አዲስ ዛፍ ስትደርስ ትወርዳለች። ክንፏ ሥር ደግሞ ሌሎች አሉ። የጥንዚዛዋን እንቁላል የሚበላ አለ፣ የሻጋታ ዘር ይዞ የሚዞርም አለ።»

«ትኬት ይቆርጣሉ?»

አልሳቀችም። የተማረ ሰው ቀልድ ሲነገረው ማስረጃ ይጠብቃል። ይልቅስ ረጅም ነገር አወራችኝ። በወንድሜ ደን የሞተ እንጨት ለዓመታት ስለሚቆይ ቅንቅኑ በዓይነትም በቁጥርም ብዙ ነው፤ ከዚያ የተያዘችው ጥንዚዛ ተሳፋሪ አታጣም። በእኔ ደን ግን እንጨቱ ይነሳል፣ ቅርፊቱ ይቃጠላል፣ ቅንቅኑም አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ የእኔዎቹ ጥንዚዛዎች ባዶአቸውን ነው የሚበሩት። በሌላ አገር እንዲህ ይሁን አይሁን አላውቅም አለች፣ በዚህ ሸለቆ ግን ሦስት ዓመት አይታዋለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። የእኔ ደን ንጹሕ ነው። ጥንዚዛዬ እንኳ ቅንቅን የለባትም! ይኼን ለአለቃዬ ሳልነግር አልቀርም።

ሜይ 16

የደን መሥሪያ ቤቱ አለቃዬ ኢንጂነር ሌሆትስኪ ደወሉ። ጁላይ መጀመሪያ ላይ የደን ኮሚሽኑ ይመጣል። ለስድስት ዓመት የለመንኩት ነገር ሊታይ ነው፤ ከጥብቅ ደኑ በወንዙ ዳር ያለው ቁራጭ ይቆረጥ፣ ጥንዚዛው የሚሻገርበት ድልድይ ይሰበር። ቁራጩ ላይ ያሉት ዛፎች ከአያታችን አያት በፊት የቆሙ ናቸው። ብላዤ አንድ በአንድ ስም አውጥቶላቸዋል። ሚስት አላገባም፣ ዛፍ ይጠራል።

«ቬንዴሊን፣ ሰዎቹ ከከተማ ነው የሚመጡት» አሉ ኢንጂነሩ። «የሚቀመጡበት ይኑራቸው። የጫካ መልክ ያለው ነገር።»

«ለእኔ ይተዉት፣ ጌታዬ።»

ሜይ 29

ጉስቶ መጣ። ግንድ ላጬ ነው፤ መላጫ ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እንደ ጄኔራል።

«ጌታው፣ ትሎቹ ነጭ ናቸው፣ ወፍረዋል። ከነገ ጀምረን እንላጥ?»

«ቆይ። መጀመሪያ ዳሱን ሥሩልኝ።»

«የምን ዳስ?»

«ኮሚሽኑ የሥጋ ጉላሽ የሚበላበት ዳስ።»

«ዳስ ይቆያል፣ ትል ግን አይቆይም።»

እኔን ስለ ትል ሊያስተምረኝ! ባለፈው ዓመት የአጋዘን እግር አይቶ ድብ መጣ ብሎ መንደሩን ያስወጣ ሰው ነው። ግንዶቹ ጥላ ውስጥ ናቸው፣ ወሩም ቀዝቃዛ ነው፣ ጊዜ አለ። እሱንና ሌላውን ሠራተኛ ኢምሮን ዳሱ ላይ አሰማራኋቸው።

ጁን 5

የዳሱ ምሰሶ ቆመ። ዝናብ። ሚስማር አነሰ።

ጁን 9

ለአግዳሚ ወንበር የሚሆን እንጨት ፍለጋ ጊዜ ከማጥፋት ብዬ ከማጥመጃ ግንዶቹ አራቱን አስጎተትኩ። የተቆረጠ እንጨት እያለ ሌላ ለምን ይቆረጣል? ጉስቶ ሊልጣቸው ብረቱን አነሳ፤ ከለከልኩት። የከተማ ሰው ቅርፊት ይወዳል። ከላይ ለመቀመጫ ብቻ ተጠረቡ፣ ከጎንና ከሥር ቅርፊታቸው አለ። ያምራሉ። ማርጊታ እንኳ ያምራሉ ብላለች፣ እሷ ደግሞ ምንም ነገር አያምርም የምትል ሴት ናት።

ጁን 15

ጣሪያ ላይ ነን። ጉስቶ ዛሬም ስለ ግንዶቹ ነዘነዘኝ። ጠቁረዋል ይላል። ሰካራም ከሰዓት በኋላ ሁሉ ነገር ይጠቁርበታል።

ጁን 18

ሙቀት መጣ። ሳይታሰብ። በዳሱ ላይ የደኑን ስም የሚጽፍ ሰው ከብሬዝኖ ከተማ መጥቶ ነበር፤ «ደን»ን ትልቅ፣ «ንጹሕ»ን ትንሽ አድርጎ ጻፈው። እንደገና አስጻፍኩት። ዳሱ ግንዶቹን ሲያስረሳኝ ሰነበተ ብዬ እዚህ እንዳልጽፍ፤ አልረሳኋቸውም። ሰኞ እናደርገዋለን።

ጁን 25

ትላንት የበጋው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል እሳት ነበር። መንደሩ በሙሉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ቋሊማ እየጠበሰ ነበር። ብላዤም ወርዶ መጣ፤ ጺሙ ውስጥ ቅጠል አለ። በሰው መሀል፦

«ቬንዶ፣ ግንዶችህን ላጥካቸው?»

«አንተ ስለ መላጥ ምን ታውቃለህ? ድንች እንጂ ሌላ ልጠህ አታውቅም።»

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«በዚያ ሳልፍ ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ቅርፊቱ እንደ ወንፊት ሆኗል።»

«ግንደ ቆርቁር ነው።»

«ግንደ ቆርቁር እንደዚያ ክብ አድርጎ አይበሳም።»

«የአንተው ደን ግንደ ቆርቁር ይሆናላ! ሥራ የሌለው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።»

እንደገና ሳቁ። የጥድ አረቄውን፣ ቦሮቪችካውን፣ ጨለጥኩና ወደ እሳቱ ዞርኩ። ብላዤ ቋሊማውን ሳይበላ ለውሻ ሰጥቶ ሄደ። ትንሽ ሳለም እንዲሁ ነበር፤ የተሸነፈ ሲመስለው ምግብ ይተዋል።

ጁን 26፣ ሰኞ

ጉስቶና ኢምሮ ግንዶቹን ላጡ። አብሬ ሄጄ ነበር። ብረቱ ቅርፊቱ ሥር ሲገባ ጥንዚዛው እንደ ገለባ በነነ፤ ጉስቶ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ከብዙዎቹ ግንዶች ቅርፊት ሥር ግን የሚበንም አልነበረም፣ ባዶ ነበሩ። ጉስቶ አየኝ። እኔ የሌላ ሰው ሥራ እንደሚያይ ሰው ወደ ላይ አየሁ።

ያም ሆነ ይህ፣ ግንዶቹ ተልጠዋል። ጉዳዩ አልቋል።

ጁላይ 2

ዶክተሯ እራት ሳልጨርስ ጠራችኝ። ከወንዙ ወዲያ፣ በሽማግሌዎቹ ዛፎች መካከል፣ የሽታ ወጥመድ ሰቅላ ነበር። እስካለፈው ሳምንት ድረስ የያዘችው ጥንዚዛ ሁሉ ጅራቱ ላይ ተሳፋሪ ነበረው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ የሚገቡት ግን ባዶ ናቸው። ብዙ ናቸው፣ ወጣት ናቸው፣ ባዶ ናቸው።

«ከዚህ ወደዚያ ነው የሚሻገሩት» አለችኝ። «እርስዎ እንዳሉት አይደለም።»

«ነፋስ ነው፣ ዶክተር።»

«ነፋስ ቅንቅን ያራግፋል?»

ብልቃጡን ወደ መብራቱ አነሳሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የማጥመጃ ግንዶቹ ዘግይተው ነበር እንዴ?»

«በጊዜያቸው ነው ያስላጥኳቸው።»

አመነችኝ። ሰው የነገራትን ታምናለች፤ ትምህርት እዚህ ድረስ ነው የሚያደርሰው። «እንግዲያው እኔ አልገባኝም» ብላ ዓይኗን እያሸች ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች። እስከ ንጋት ድረስ ከራሴ በላይ ስትንጎራደድ ሰማኋት። አላስተኛችኝም። ስለ እሷ ነው ያልተኛሁት።

ጁላይ 6፣ ማታ

የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

ኮሚሽኑ አምስት ሰው ነው፣ ሁለቱ ጫማቸውን እያዩ ነው ደኑን የዞሩት። ከዚያ ወደ ዳሱ። ጉላሹ ጥሩ ነበር። ኢንጂነር ሌሆትስኪ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መሀል ተቀመጡ። ብላዤ እንዲመጣ ታዞ ስለነበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ዶክተሯ ከጎኑ። ተነስቼ ተናገርኩ። የወዲያው ደን የጥንዚዛ መፈልፈያ ነው፣ የእኛ ግን ንጹሕ ነው አልኩ። አፌን ሞልቼ፦ «ዶክተሯ ምስክሬ ናቸው። የእኔ ጥንዚዛ ቅንቅን እንኳ የለባትም፣ ባዶዋን ነው የምትበረው!» አጨበጨቡ።

ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ዞራ የአግዳሚዎቹን ጎን መታች። ከኢንጂነሩ ሱሪ አጠገብ ቡናማ ዱቄት እንደ በርበሬ ሲረግፍ አየሁ። ከዚያ አንዷ ወጣች። ከዚያ ሌላዋ። አንዷ በነጩ ሸሚዝ ላይ እየተራመደች ወጥታ ጉላሹ ውስጥ ወደቀች።

ኢንጂነሩ በማንኪያቸው አወጧትና ሳቁ። «ይኸው! የብላዤ እንግዳ፣ ሳትጠራ ምሳ ደረሰች!»

ሁሉም ሳቀ። ዶክተሯ ማንኪያውን ተቀበለቻቸው፣ ጥንዚዛዋን በናፕኪን አደረቀችና ከኪሷ አጉሊ መነጽር አወጣች። ብዙ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአግዳሚው ላይ ሌላ ለቀመች፣ ሌላም።

«ጅራታቸው ባዶ ነው» አለች። «አሁን ቬንዴሊን ራሳቸው እንዳሉት። እነዚህ ከዚህ ናቸው።»

 ኢንጂነሩ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ።

«ዶክተር፣ በቅንቅን ፓስፖርት ልንፈርድ ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቬንዴሊን፣ አንተ ንገረን። ግንዶችህ በጊዜያቸው ነው የተላጡት?»

ጉስቶ የጉላሹን ድስት ይዞ ቆሟል። ዶክተሯ አየችኝ። ብላዤም አየኝ። የተቀመጥኩበት ቅርፊት ውስጥ ሲቧጥጡ ይሰማኝ ነበር፤ በእውነት ይሰማኝ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ዛፎቹ ይተርፋሉ። ስድስት ዓመት የለመንኩትን በአንድ ቃል፣ በግንድ ላጬና በወንድሜ ፊት!

ዓይኔን በጨው ታጥቤ፦

«በጊዜያቸው ነው፣ ጌታዬ።»

ኢንጂነሩ እፎይ አሉ። ወረቀቱ ኬኩ ሳይቀርብ ተፈረመ። ቁራጩ በኦገስት ይቆረጣል። ዶክተሯ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ማንም አላያትም፣ ዘጋችው። ለንግግር የተፈጠረች አይደለችም።

ብላዤ ሲወጣ ከኋላዬ አለፈ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፦

«አይቆረቁርህም፣ ወንድሜ? የተቀመጥክበት?»

ጁላይ 7

አግዳሚዎቹን አቃጠልኳቸው። እግራቸው ይንገዳገድ ነበር።

ጁላይ 15

ዶክተሯ ሄደች። ማርጊታ ፍሪጁን በኮምጣጤ አጠበች፣ ከዚያ ማንም ምንም ሳይጠይቃት፦ «ምስኪን፣ ደህና ሰው ነበረች» አለች። ለእኔ ሳይሆን ለፍሪጁ ነው የተናገረችው። ከኮሚሽኑ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር የምታወራው በፍሪጁና በዶሮዎቹ በኩል ነው።

ኦገስት 8

የሞተር መጋዙ ከጠዋት ጀምሮ። ከወንዙ ወዲያ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ማርጊታ ለዶሮዎቹ፦ «ጆሮአችሁን ድፈኑ» ስትል ሰማኋት።

ኦገስት 11

ብላዤ አንድም ቀን አልከለከለም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። ለማየት ነው የሚከፈለው አይደል? ዛሬ ወደ እሱ ሄድኩ፣ ሰላም ልለው።

«አባባ ፍሬውን ከየት እንደለቀመ ታስታውሳለህ?» አለኝ።

«የምን ፍሬ?»

«የአንተን ደን የተከለበትን። ሁለታችንንም ይዞን መጥቶ፣ አንተ ገመዱን ይዘህ፣ እሱ ወጥቶ። ከዚህች ነው። ከዚያችም።» በእጁ የተቆረጡትን አሳየኝ። «እናቶቻቸውን ነው ያስቆረጥካቸው።»

ተረት ነው ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ገመዱን አስታወስኩት። እጄን ይልጠኝ ነበር፣ አባባ ከላይ ሆኖ «አጥብቅ፣ ቬንዶ!» ይለኝ ነበር።

ኦገስት 13፣ እሑድ

ሠራተኛ የለም። ከወደቁት አንዱን ለማየት ብቻ ቅርፊቱን ላጥኩ። በእርግጥ ጥንዚዛ አለበት፣ ስድስት ዓመት የተናገርኩት ነገር ነው። ቅርፊቱ እርጥብ ነው፣ ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው። መንገድ የለም፣ ቀዳዳ የለም፣ ትል የለም። ከአንድ ዛፍ ምንም አይታወቅም።

ኦገስት 20

ሌላ አምስት ላጥኩ። ንጹሕ።

ሴፕቴምበር 9

የአባቴ ደን ዳር ቀላ። ጫፉ ከላይ ጀምሮ እንደ ዛገ ብረት ነው። መጀመሪያ ግንዶቹ በተጋደሙበት፣ ከዚያ በዳሱ ዙሪያ፣ አሁን ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ኢንጂነሩ ደውለው «የወዲያውን ደን ዘግይተን ስለቆረጥን ነው» አሉ። አዎ ጌታዬ አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ «አዎ ጌታዬ» የሚለው ድምፅ የማን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ይኼ አዎ ባይ ሰውዬ ያስጠላኛል። ይኼ ሰውዬ ወንድሜ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አላስቀምጠውም ነበር።

ሴፕቴምበር 24

መኪናው የተቆረጡትን ሊጭን ሐሙስ ይመጣል። መላጫ ብረቱን ከጉስቶ ተዋስኩ። «ምን ሊያደርግልዎ ነው፣ ጌታው? ቀኑ አለፈ እኮ» አለኝ። ዝም ብለህ ስጠኝ አልኩት።

ከወዲያ የወደቁትን ቀኑን ሙሉ ላጥኩ። እጄ እንደ ገመዱ ጊዜ ተላጠ። አመሻሽ ላይ ብላዤ መጥቶ በሰው በራፍ ላይ እንደቆመ እንግዳ ራቅ ብሎ ቆመ። ስላቅ ጠበቅኩ። ስላቅ ቢያመጣ እኔም የምመልሰው ነበረኝ።

«ቬንዶ፣ ምን እየፈለግክ ነው?»

«ጥንዚዛ።»

«አገኘህ?»

«እስካሁን አላገኘሁም።»

ኮቱን አውልቆ ግንዱ ላይ አስቀመጠና የላጥኩትን ቅርፊት አንድ በአንድ እየገለበጠ ያይልኝ ጀመር፤ ያላየሁት ካለ ብሎ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። እስኪጨልም ድረስ እኔ እልጣለሁ፣ እሱ ይገለብጣል። ነጭ ነው። ሁሉም ነጭ ነው።

አንድ ብቻ ባገኝ። ተሳፋሪ ይኑራት አይኑራት ግድ የለኝም።

ነገ ከላይኛው ጫፍ እንጀምራለን።